ያልተነቀነቀው ዕጣ

(አሶሳ፣ ገበያው አጠገብ ያለች አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት። ሐምሌ ነው፤ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ዝናብ። ወደ ቶንጎ የሚወስደኝ መኪና ለነገ ስለተባለ፣ ከተዋስኩት መጽሐፍ ጥቂት ገጾች ኮፒ ላስደርግ በሩ ጋ ተቀምጬ ተራ እጠብቃለሁ። ከወፍጮ የምትመለስ አንዲት ሴት ዱቄቷን በሻሿ ሸፍና መንገዱን ስታቋርጥ አየኋት። አንድ ወጣት ላፕቶፑን የጠቀለለበትን ላስቲክ ፈቶ ዱቄቷ ላይ አለበሰላትና፣ ላፕቶፑን ኮቱ ውስጥ ወሽቆ እየሮጠ ወደ እኛ ገባ። አያውቃትም፤ እሷም አታውቀውም። እግዚአብሔር እንዲህ ያለ ሰው አያሳጣን። ወጣቱ ይልቃል ይባላል፤ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የኮምፒውተር መምህር ነው። ተከትሎት የገባው ጎልማሳ ዐወድ ነው፤ የገበያው ሰዎች ለምስክርነት የላኩት የማንጎ ነጋዴ፤ በእሱ አማርኛ ሴቱም ወንዱም «እሱ» ነው። በዚያ ገበያ ጣሪያ ያላቸው መደቦች ስምንት ናቸው፤ ፈላጊዎቹ ሃያ አራት። በየዓመቱ በዕጣ ይደለደላሉ። የዘንድሮውን ይልቃል በላፕቶፑ እንዲያወጣ ተስማምተዋል፤ ዛሬ ዐሥር ሰዓት ላይ ይነገራል። ክርክሩን ከመንገድ ይዘውት ነው የገቡት።)

ዐወድ፦ ሳትነቀንቀው እኔ አልፈርምም።

ይልቃል፦ ጋሽ ዐወድ፣ ላፕቶፕ እኮ አይነቀነቅም። ቅል አይደለም።

ዐወድ፦ ቅል ይነቀነቃል። ሃያ አራት የማንጎ ዘር እናስገባለን፣ በእያንዳንዱ ላይ የሰውየው ምልክት አለ። አፉን በእጅ እንዘጋለን፣ እንነቀንቃለን። ካልተነቀነቀ መጨረሻ የገባው ከላይ ይቀመጣል፣ መጀመሪያ ይወጣል።

ይልቃል፦ እዚህ ውስጥ ከላይ፣ ከታች የሚባል ነገር የለም።

ዐወድ፦ እንዴት የለም? ስሞቹን ስትጽፍ አይቻለሁ። ፈየራ ከላይ ነው፣ ካሣዬ ከታች ነው።

ይልቃል፦ እሱ መመዝገቢያው ነው። ፕሮግራሙ ራሱ ያደበላልቃቸዋል።

ዐወድ፦ ያለ መነቅነቅ?

ይልቃል፦ በሒሳብ ይነቀንቃል ይበሉት።

ዐወድ፦ በሒሳብ የተነቀነቀ ነገር አይቼ አላውቅም። (ላፕቶፑን በሁለት እጁ ያነሳል።) ፍቀድልኝ፣ ቀስ ብዬ ነው።

ይልቃል፦ (ሊቀበለው እጁን ዘርግቶ) ኧረ ያስቀምጡት። ባትሪው ከሞተ ዓመት ሆኖታል። ያለ ሶኬት አንድ ደቂቃ አይቆምም።

ዐወድ፦ ታሟል?

ይልቃል፦ ትንሽ።

ዐወድ፦ የታመመ ነገር እንዴት ዕጣ ያወጣል? ጤነኛ ሰው ጠፋ?

ይልቃል፦ (ሶኬቱን እየሰካ) ይቀመጡ፣ ላስረዳዎት። መጀመሪያ ዕጣ ማለት ምን እንደሆነ እንግባባ።

ዐወድ፦ ዕጣ እኔ አውቃለሁ። ሁለት ዓመት አልደረሰኝም። ሚስቴ ማሪያም ደረቅ ባሚያ ይሸጣል። አምና በአንድ ዝናብ ሁለት ቅርጫት ሻገተ። ካቻምናም እንደዚሁ። «ዘንድሮ ጣሪያ ካላገኘሁ ቤት እቀመጣለሁ» ብሏል። ዐሥራ ስድስት ዓመት በዚህ ገበያ ተቀምጧል፣ ኡስታዝ። ማሪያም ገበያ ካልወጣ እንደታሰረ ሰው ነው።

ይልቃል፦ ለዚህ እኮ ነው ትክክለኛ ዕጣ የሚያስፈልገው። ወንድምዎ ጣሀ ማንኩሽ ከተማ ሱቅ አለው አይደል?

ዐወድ፦ አለው።

ይልቃል፦ መቶ ካርቶን ጭነው ላኩለት እንበል። የተጫነበትን ተራ በስልክ ሊነግሩት ነው። አንድ ማንጎ፣ አንድ ባሚያ፣ አንድ ማንጎ፣ አንድ ባሚያ፣ እንዲያ እያለ እስከ መቶ። እንዴት ይነግሩታል?

ዐወድ፦ «ማንጎ ባሚያ እያልክ መቶ አድርስ» እለዋለሁ።

ይልቃል፦ ስንት ሰከንድ ይፈጃል?

ዐወድ፦ ሰላምታውን ጨምሮ?

ይልቃል፦ ሳይጨምር።

ዐወድ፦ ሳይጨምር አይሆንም። ጣሀ ይቀየማል።

ይልቃል፦ እሺ፣ ሰላም ተባብላችኋል፤ ጉዳዩ ብቻ አምስት ሰከንድ ነው። አሁን ደግሞ ጫኙ እንደመጣለት ዘበራርቆ ጫነው። ማንጎ፣ ማንጎ፣ ባሚያ፣ ማንጎ፣ ባሚያ፣ ባሚያ፣ ባሚያ። ምንም ሥርዓት የለውም። ይሄንንስ?

ዐወድ፦ መቶውን አንድ በአንድ መጥራት ነው። ካርዴ ያልቃል።

ይልቃል፦ በቃ፣ እሱ ነው። የሒሳብ ሊቃውንት ዕጣ የሚሉት ይህን ነው። ከራሱ ባጠረ ቃል ሊነገር የማይችል ነገር። አቋራጭ የሌለው።

ዐወድ፦ (አስቦ) ካርድ የሚጨርስ ነገር ዕጣ ነው።

ይልቃል፦ ባጭሩ፣ አዎ።

ዐወድ፦ የጣሀ ሚስት ስልኩን ካነሳ ካርዴን ይጨርሳል። እሱም ዕጣ ነው?

ይልቃል፦ እሷ ምንድን ነው የምታወራው?

ዐወድ፦ «መቼ ትመጣለህ፣ ለምን አትመጣም፣ መቼ ትመጣለህ።»

ይልቃል፦ እንግዲያው አይደለችም። ባንድ ቃል ታጥራለች።

ዐወድ፦ ዐልሐምዱሊላህ። አሁን የአንተን ንገረኝ። ይሄ ፕሮግራም ስንት መስመር ነው?

ይልቃል፦ (ፊቱ እየበራ) ሃያ መስመር ብቻ። አሳጥሬ፣ አሳጥሬ እዚያ አደረስኩት።

ዐወድ፦ ስሙ ሃያ አራት ነው።

ይልቃል፦ ስም ቢበዛ ግድ የለውም። ሺህ ስም ቢሰጡት፣ መቶ ሺህ ቢሰጡት፣ ተራ የሚያወጣው በዚያው በሃያ መስመር ነው።

ዐወድ፦ የመቶ ሺህ ሰው ተራ በሃያ መስመር?

ይልቃል፦ ውበቱ እሱ ነው።

ዐወድ፦ ለጣሀ ደውዬ ሃያውን መስመር ባነብለት፣ ጣሀ ማንኩሽ ቁጭ ብሎ ያንኑ ተራ ያወጣል?

ይልቃል፦ ኮምፒውተር ካለው፣ መነሻ ቁጥሩንም ከነገሩት፣ አንድም ሳይሳሳት።

ዐወድ፦ ካርድ አይጨርስም።

ይልቃል፦ በፍጹም አይጨ... (ያቆማል።)

ዐወድ፦ ምነው ኡስታዝ?

ይልቃል፦ ምንም።

ዐወድ፦ ካርድ ካልጨረሰ ዕጣ አይደለም። በአፍህ ነው ያልከው። እኔ አልጨመርኩም።

ይልቃል፦ ይስሙኝ። እውነት ነው፣ ጠበቅ አድርገን ከሄድን ኮምፒውተር በሕግ የሚሠራ ነገር ስለሆነ፣ ሕግ የሌለው ነገር ሊወልድ አይችልም። ግን ዕጣ የሚመስል ነገር ይወልዳል። ማንም አይቶ አይለየውም።

ዐወድ፦ አንተ ትለያለህ?

ይልቃል፦ እኔም አልለይም።

ዐወድ፦ ኮምፒውተሩስ?

ይልቃል፦ እሱማ... ይሄ ደግሞ የተረጋገጠ ነገር ነው። ያመጡለትን ዝርዝር ሁሉ እያየ «ይሄ አቋራጭ አለው፣ ይሄ የለውም» ብሎ ሳይሳሳት የሚፈርድ ፕሮግራም ሊኖር አይችልም። አቋራጩ አልተገኘም ማለት የለም ማለት አይደለማ።

ዐወድ፦ ይሄ ልክ ነው። ወደ እርሻዬ ዐሥር ዓመት በዙሪያ ሄጃለሁ። አቋራጭ የለም እል ነበር። አንድ ቀን ፍየል አምልጦኝ ስከተለው በአቋራጭ አስገባኝ።

ይልቃል፦ (ተገርሞ) ልክ እንደሱ ነው።

ዐወድ፦ እንግዲህ ኮምፒውተርህ ዕጣ መሥራት አይችልም። ሌላ ሰው የሠራውን ሲያይም አያውቀውም። ታዲያ ለምን ይዘኸው መጣህ?

ይልቃል፦ ፈጣን ነው።

ዐወድ፦ ፍየሌም ፈጣን ነበር።

ይልቃል፦ ጋሽ ዐወድ፣ እርስዎ አንድ ነገር አልገባዎትም። ሃያ አራት ስም በስንት ዓይነት ተራ ሊደረደር እንደሚችል ያውቃሉ? ስድስት ጽፈው ከኋላው ሃያ ሦስት ዜሮ ይደርድሩ። ከዓባይ ዳር አሸዋ ይበልጣል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንዷን መዝዞ ነው የሚያወጣው። አሁን ያያሉ።

(ቁልፉን ይጫናል። ዝርዝሩ ይወጣል።)

ዐወድ፦ አንብብልኝ። መነጽሬ ማሪያም ጋ ነው።

ይልቃል፦ አንደኛ ሪም። ሁለተኛ ቃናኒ። ሦስተኛ... ማሪያም።

ዐወድ፦ የማን ማሪያም?

ይልቃል፦ የእርስዎ። አጠገቡ «ባሚያ» ይላል።

(ዐወድ ቆቡን አውልቆ መልሶ አደረገ።)

ዐወድ፦ ኡስታዝ፣ ይሄ ኮምፒውተር ጥሩ ነገር ነው።

ይልቃል፦ አሁን ጥሩ ሆነ?

ዐወድ፦ ፊትም ጠርጥሬ አይደለም። ልፈትንህ ነው። ቶሎ በወረቀት አውጣው።

ይልቃል፦ ቢነቀነቅስ?

ዐወድ፦ የታመመ ነገር አይነቀነቅም።

(መብራት ይጠፋል። ላፕቶፑም አብሮ ይጠፋል።)

ዐወድ፦ የት ሄደ?

ይልቃል፦ ጠፋ። አላስቀመጥኩትም ነበር። መብራት ሲመጣ እንደ አዲስ ነው የሚወጣው።

ዐወድ፦ ማሪያም ሦስተኛ ነው። እኔም አንተም አይተናል። በሩ ጋ ያለው እንግዳም ሰምቷል።

ይልቃል፦ በወረቀት ያልወጣ ዝርዝር አይቆጠርም። ደግሞ እንደገና ሦስተኛ ትሆናለች ብለው አይጠብቁ። ያ ተራ ተመልሶ ከሚወጣ ዓሣ ማንጎ ዛፍ ላይ ቢወጣ ይቀላል።

(ዐወድ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ዱዓ ያደርጋል። ይልቃልም ያማትባል። የትኛው እንደተሰማ አላውቅም፤ መብራቱ መጣ።)

ይልቃል፦ ተመስገን። እንግዲህ የመጣው ይምጣ። (ይጫናል።) አንደኛ ሪም።

ዐወድ፦ ሪም ጎበዝ ነው።

ይልቃል፦ ሁለተኛ ቃናኒ። (ድምፁ እየቀነሰ) ሦስተኛ ማሪያም።

ዐወድ፦ ዓሣው ወጣ።

ይልቃል፦ ይሄ ሊሆን አይችልም።

ዐወድ፦ ለአላህ ይሆናል። አውጣው በወረቀት።

ይልቃል፦ ይቆዩ። ዘግቼ ልክፈተው።

ዐወድ፦ ለምን ትነካካዋለህ? ጥሩ ነው፣ ተወው።

ይልቃል፦ (እንደገና ተጭኖ) ሪም። ቃናኒ። ማሪያም።

ዐወድ፦ (ደስታው ከፊቱ እየሸሸ) ዓሣው ማንጎውን እየበላ ነው።

(ይልቃል ሃያውን መስመር በጣቱ እየተከተለ ያነባል። አራተኛው መስመር ላይ ጣቱ ይቆማል።)

ይልቃል፦ ጋሽ ዐወድ።

ዐወድ፦ አቤት።

ይልቃል፦ ፕሮግራሙ ሥራውን የሚጀምረው ከአንድ መነሻ ቁጥር ነው። መነሻው ከተለወጠ ተራው ይለወጣል። መነሻው ያው ከሆነ ተራውም ሁልጊዜ ያው ነው። ባለፈው ሳምንት ለሙከራ እንዲመቸኝ ብዬ ሰባት ላይ አሰርኩት። መፍታቱን ረሳሁ።

ዐወድ፦ ይሄ መነሻ የምትለው፣ ስሞቹ ከገቡ በኋላ ነው ወይስ ከወጡ በኋላ?

ይልቃል፦ ከገቡ በኋላ፣ ሳይወጡ።

ዐወድ፦ ገብተው፣ ሳይወጡ።

ይልቃል፦ አዎ።

ዐወድ፦ እኛ እሱን መነቅነቅ ነው የምንለው።

(ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል።)

ይልቃል፦ አልነቀነቅኩትም።

ዐወድ፦ ከመንገድ ጀምሬ ነግሬሃለሁ።

ይልቃል፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ግን ያስቡት። ሰባትን ስመርጥ ማን እንደሚወጣ አላውቅም። ስሞቹ እንኳ የመጡልኝ ዛሬ ጠዋት ነው። ለማንም አላዳላሁም። ከፈለጉ ይሄንኑ በወረቀት አወጣዋለሁ። ማሪያም ጣሪያ ታገኛለች።

(ዐወድ ወደ ውጭ፣ ወደ ዝናቡ ያያል።)

ዐወድ፦ አንተ አላወቅክም። እኔ ግን አሁን አወቅኩ። ፈየራ «ነቅንቃችሁታል ወይ?» ብሎ ይጠይቀኛል። የላኩኝ ለዚህ ጥያቄ ነው። ምን እለዋለሁ? ፈየራ ጨው ነው የሚሸጠው፣ ኡስታዝ። ዝናብ ጨው ላይ ምን እንደሚሠራ ታውቃለህ?

ይልቃል፦ ማሪያም ብትሰማስ?

ዐወድ፦ ማሪያም ቢሰማ ባሚያውን ራሴ ላይ ይደፋል። «ጣሪያ ደርሶኝ ባሌ መለሰው» ይላል። (ቆይቶ) ግን ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሸጥ ሚዛኑ ላይ ጣቱን አሳርፎ አያውቅም። በሰባት የመጣ ጣሪያ ስር አይቀመጥም። ደፍቶ ሲያበቃ ራሱ «ደግ አደረግክ» ይለኛል።

ይልቃል፦ (ቀና ብሎ) እንግዲያው ቀላል ነው። መነሻውን ከሰዓት እንዲወስድ አደርገዋለሁ። ቁልፉን በተጫንኩበት ቅጽበት ሰዓቱ የሚያሳየው ቁጥር መነሻ ይሆናል።

ዐወድ፦ መቼ እንደምትጫን ማን ይወስናል?

ይልቃል፦ እኔ።

ዐወድ፦ ከማሪያም ባሚያ ትገዛለህ?

ይልቃል፦ በየሳምንቱ።

ዐወድ፦ ምርቃት ይጨምርልሃል?

ይልቃል፦ እፍኝ ሙሉ።

ዐወድ፦ ኸላስ። አንተ አትጫንም።

ይልቃል፦ እኔ እኮ በሰከንድ ሺሀኛ የሚቆጠር ሰዓት መርጬ ልጫን አልችልም።

ዐወድ፦ አምንሃለሁ። ግን ለፈየራ የሰከንድ ሺሀኛ ማስረዳት አልችልም።

ይልቃል፦ እሺ፣ ኮምፒውተሩም ይቅር። ዓይኔን ጨፍኜ ስሞቹን ከጭንቅላቴ ልዘበራርቃቸው። ጭንቅላቴ ውስጥ ሰባት የለም።

ዐወድ፦ ሞክር። ማንጎ ወይም ባሚያ እያልክ ጥራ። እኔ ከአንተ ቀድሜ በእጄ እገምታለሁ። መዳፍ ማንጎ፣ ቡጢ ባሚያ።

(እጁን ከጀርባው ያደርጋል። ከተቀመጥኩበት ይታየኛል።)

ይልቃል፦ (ዓይኑን ጨፍኖ) ማንጎ። (ቡጢ ነበር።) ማንጎ። (መዳፍ።) ባሚያ። (ቡጢ።) ማንጎ። (መዳፍ።) ባሚያ። (ቡጢ።) ባሚያ። (ቡጢ።) ማንጎ። (መዳፍ።)

ዐወድ፦ የመጀመሪያውን ሳትኩ። የቀረውን ሁሉ አገኘሁ። እንግዳውን ጠይቅ።

(እውነቱን ነው። በራሴ አረጋግጥለታለሁ።)

ይልቃል፦ እንዴት አወቁ?

ዐወድ፦ አንድ ነገር ሁለቴ ካልክ ታፍራለህ። ሦስተኛውን ትቀይራለህ። ቅል ግን አያፍርም። ማንጎ፣ ማንጎ፣ ማንጎ፣ ማንጎ ሲል ውሎ ያድራል።

ይልቃል፦ (ላፕቶፑን በግማሽ ዘግቶ) ከቅሉ ጋር እንዲህ የምትዋደዱ ከሆነ፣ ለምን እኔ ጋ መጣችሁ?

ዐወድ፦ ከቅሉ ጋር ጠብ የለንም። ጠቡ ከእጅ ጋር ነው። በእኛ ገበያ ቅሉ ውስጥ እጁን የሚያስገባው የማያውቀን መንገደኛ ነው። አምና ከባምባሲ የመጣ ሰው አስቁመን፣ ጋብዘን፣ ዕጣ አስወጣነው። መጀመሪያ ያወጣው ሪምን። በኋላ ሲጣራ የሪም አማች ሆኖ ተገኘ።

ይልቃል፦ እሱ ያውቅ ነበር?

ዐወድ፦ እሱም አያውቅም። ሪምም አያውቅም። አንድ ሽማግሌ ነው ቆጥሮ ያገኘው። ግን ገበያው ሁሉ ተጨቃጨቀ። ከዚያ «ኮምፒውተር አማች የለውም» ተባለ።

ይልቃል፦ የለውም እኮ።

ዐወድ፦ አማች የለውም፣ ሰባት አለው።

ይልቃል፦ (ሳቁን መያዝ አቅቶት) እውነትዎን ነው። ሕጉን የሚያውቅ ሰው ሁሉ አማቹ ነው። ጋሽ ዐወድ፣ እኔ ይሄን ነገር አራት ዓመት ተምሬዋለሁ። እንዲህ ብሎ የነገረኝ የለም።

ዐወድ፦ አራት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው ነቅንቅ አላለህም?

ይልቃል፦ ብለውኛል። በሌላ ስም ነው እንጂ።

(ሁለቱም ቀስ ብለው ወደ በሩ ይዞራሉ። በሩ ጋ ያለሁት እኔ ነኝ።)

ይልቃል፦ እኚህ ሰው እኛ ስንገባም እዚህ ነበሩ።

ዐወድ፦ (ጠጋ ብሎኝ) ሰላም ለአንተ ይሁን፣ ወንድሜ። እዚህ አገር ዘመድ አለህ?

(እንደሌለኝ እነግረዋለሁ።)

ዐወድ፦ አማችስ?

(የለኝም።)

ዐወድ፦ ባምባሲ?

(የለኝም።)

ዐወድ፦ ባሚያ ትወዳለህ?

ይልቃል፦ ጋሽ ዐወድ።

ዐወድ፦ ላጣራ ነው። (ለእኔ) እሺ፣ እሱን አትመልስ። ዐሥር ሰዓት ላይ ገበያ ና። ቅሉ ይመጣል። ፈየራ ይነቀንቃል። አንተ እጅህን አስገብተህ ስምንት ዘር ታወጣለህ። ከዚያ ሻይ ትጠጣለህ፣ ነገ ቶንጎ ትሄዳለህ። ማንም አይጣላህም።

ይልቃል፦ እኔስ ምን ልሥራ?

ዐወድ፦ አንተ የታመመውን ይዘህ ና። የወጣውን ስም ትጽፋለህ፣ በወረቀት ታወጣለህ። ለመጻፍ ጎበዝ ነው።

ይልቃል፦ አንድ ነገር ግን አለ። እኚህ ሰው ስለ ማሪያም ሁሉንም ሰምተዋል። የሻገተውን ባሚያ፣ ዐሥራ ስድስት ዓመቱን፣ ቤት እቀመጣለሁ ማለቷን። ዘሩ እጃቸው ውስጥ ሲገባ ባይለዩት እንኳ፣ ፈየራ ቢጠይቃቸው «አላውቃትም» ሊሉ አይችሉም።

(ዐወድ ወገቡን ይዞ ያስባል። ኋላ አጠገቤ ቁጢጥ ይልና ትከሻዬን ይነካኛል።)

ዐወድ፦ እንግዲህ አንድ ውለታ ዋልልኝ፣ ወንድሜ። ስለ ማሪያም የሰማኸውን እርሳው። እኔ ልረሳው ሞክሬ አልቻልኩም፣ ሚስቴ ነው። አንተ ግን ዛሬ ነው የሰማኸው፣ ይቀልሃል። እባክህ፣ እስከ ዐሥር ሰዓት ብቻ።